ዳገት የሚያወጣ ፎር ዊል ቁልቁለት ያወርዳልን? ስለ ሰበቃ፣ ስለ ጎማና ስለ ያገለገሉ አነስተኛ መኪናዎች

ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር አጋማሽ እናቴን ለመጠየቅ ወደ ሰሜን ሸዋ ተጉዤ ነበር። ይዣት የሄድሁት መኪና ያገለገለች፣ አነስተኛ፣ ነገር ግን አራቱም ጎማዎቿ በሞተር ኃይል የሚነዱ፣ በተለምዶ «ፎር ዊል» የምንላት ዓይነት ነበረች። ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ መንደራችን የሚወስደው መንገድ ጥቁር ዋልካ ነው። ዝናቡም ሌሊቱን ሲወርድበት አድሯል። ከዳገቱ ግርጌ ስደርስ ሁለት መኪናዎች ጎማቸው ባለበት እየሾረ ቆመው አገኘኋቸው። የእኔዋ ግን አንድ ጊዜም ሳታመነታ ወጣች። ደስ አለኝ፤ ለፎር ዊል ብዬ የጨመርሁት ገንዘብ ካሳውን የከፈለኝ መሰለኝ።

በማግሥቱ እናቴን ለሕክምና ይዣት ስመለስ ያንኑ ዳገት ቁልቁል መውረድ ነበረብኝ። ትናንት የወጣሁበትን መተማመን ይዤ ጀመርሁ። ከመካከሉ ስደርስ ጭነት የያዘች አህያ ከፊት ለፊቴ ገባች። ፍሬን ያዝሁ። መኪናዋ ግን ምንም እንዳልተነገራት ሁሉ መንሸራተቷን ቀጠለች፤ መሪውን ባዞር አልታዘዝ አለችኝ፤ በመጨረሻም ከመንገዱ ዳር ካለው ቦይ ገብታ ቆመች። ምስጋና ለፈጣሪ ይሁንና ከእናቴ ክንድ መላላጥ በቀር የደረሰ ጉዳት አልነበረም። ከቦዩ ከወጣን በኋላ እናቴ ነጠላዋን እያራገፈች «መውጣቱንስ ትናንት ወጣኸው ልጄ፤ መውረዱን ግን አልተማርኸውም» አለችኝ።

ፊዚክስን ሲያስተምር ዓመታት ያስቆጠረ ሰው ይህን መሳት አልነበረበትም። ያን ዕለት ማታ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥሁ። ስሌቱ አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም፤ ውጤቱ ግን አስደነገጠኝ። ይህ ጽሑፍ ያ ስሌትና ከእርሱ የሚገኘው ትምህርት ነው።

ጉዳዩ ለእናንተ ለተማሪዎችም ሩቅ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ቀድመው የገቡት መኪናዎች ከእጅ ወደ እጅ መተላለፋቸው የሚጠበቅ ነው። ከእናንተ መካከል የብዙዎቹ የመጀመሪያ መኪና ያገለገለች እንደምትሆን መገመት ይቻላል። በሽያጭ ጊዜም «ፎር ዊል ናት» የሚለው ቃል ዋጋ ከሚጨምሩት ቃላት አንዱ ነው። እንግዲህ በዚህ ቃል የምንገዛው ምንድን ነው? የማንገዛውስ?

ሁሉ ነገር ከጎማው ሥር ይጀምራል

ብዙ ሰው መኪናን የሚያንቀሳቅሳት ሞተሩ ነው ይላል። ነገሩን በጥንቃቄ ካየነው ግን ሞተሩ የሚያደርገው ጎማውን ማሽከርከር ብቻ ነው። መኪናዋን ወደ ፊት የሚገፋት ኃይል የሚመጣው ከመሬት ነው። ጎማው መሬቱን ወደ ኋላ ይገፋል፤ በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት መሬቱ ጎማውን ወደ ፊት ይገፋል። ይህ ኃይል የሰበቃ ወይም የፍትጊያ ኃይል ይባላል። መኪናዋን የሚያቆማትም፣ በኩርባ ላይ ወደ ጎን የሚይዛትም ይኸው ኃይል ነው። መኪና ለመሄድ፣ ለመቆምና ለመታጠፍ ያላት ሀብት አንድ ነው፤ እርሱም ሰበቃ ነው።

ይህ ሀብት ወሰን አለው። አንድ ጎማ ከመሬት ሊያገኝ የሚችለው ከፍተኛ የሰበቃ ኃይል በላዩ ባረፈው ጫና ይወሰናል፤

ከፍተኛ የሰበቃ ኃይል = ሰ × በጎማው ላይ ያረፈ ጫና

በዚህ ቀመር ውስጥ «ሰ» የሰበቃ ኮኤፊሸንት ሲሆን የጎማውንና የመንገዱን ጠባይ ይገልጻል። ዋጋው በደረቅ አስፋልት ላይ 0.8 ገደማ፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ 0.5 ገደማ ነው። ለረጠበ ዋልካ፣ ለስሌታችን እንዲመቸን፣ 0.3 እንውሰድ። በእርግጥ ጭቃው ከጎማው ጥርስ ውስጥ ሲሞላ ከዚህም ሊያንስ ይችላል።

ሽቅብ፦ የፎር ዊል ጥቅም

አንዲት አነስተኛ መኪና ከነተሳፋሪዎቿ 1200 ኪ.ግ. ትመዝናለች እንበል። ሞተሯ ከፊት ስለሆነ በደልዳላ መሬት ላይ ከክብደቷ 60 በመቶው በፊት ጎማዎች፣ 40 በመቶው በኋላ ጎማዎች ላይ ያርፋል። የፊትና የኋላ ጎማዎቿ ርቀት 2.45 ሜትር፣ የክብደት ማዕከሏ ከመሬት ያለው ከፍታ 54 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የሁለቱ ንጻሬ 0.22 ነው።

መኪናዋ ዳገት ላይ ስትሆን ሁለት ነገሮች ይደርሱባታል። አንደኛ፣ ከክብደቷ የተወሰነው ክፍል ወደ ቁልቁል ይጎትታታል። ሁለተኛ፣ በፊት ጎማዎች ላይ ያርፍ የነበረው ጫና በከፊል ወደ ኋላ ጎማዎች ይዛወራል። የምትነዳው በፊት ጎማዎቿ ብቻ ከሆነ ይህ ሁለተኛው ነገር ይጎዳታል፤ ምክንያቱም ዳገቱ በበረታ ቁጥር የሚነዱት ጎማዎች እየቀለሉ ይሄዳሉና። የኃይሎቹን ሚዛን ስንጽፍ በፊት ጎማ የምትነዳ መኪና ልትወጣው የምትችለው ከፍተኛ የዳገት ንጻሬ (ማለትም የማዕዘኑ ታንጀንት) የሚከተለው ይሆናል፤

በፊት ጎማ ለምትነዳ፦ 0.6ሰ ÷ (1 + 0.22ሰ)

በኋላ ጎማ ለምትነዳ፦ 0.4ሰ ÷ (1 − 0.22ሰ)

በአራቱም ጎማ ለምትነዳ፦ ሰ

በሦስተኛው ቀመር ውስጥ የክብደት ክፍፍሉ ጨርሶ እንደ ጠፋ ልብ በሉ። አራቱም ጎማዎች የሚሠሩ ከሆነና ኃይሉም እንደየጫናቸው ከተከፋፈለ፣ ጫናው ከፊት ወደ ኋላ ቢዛወርም የሚባክን የለም። ሰ = 0.3 ስናስገባ በየ100 ሜትር አግድም ርቀት የሚወጣው ከፍታ ለፊት ነጂዋ 17 ሜትር፣ ለኋላ ነጂዋ 13 ሜትር፣ ለፎር ዊሏ 30 ሜትር ሆኖ ይገኛል። የጭቃው መጎተት ሲጨመርበት ሦስቱም ቁጥሮች ይቀንሳሉ፤ ቅደም ተከተላቸው ግን አይለወጥም።

ስለዚህ ፎር ዊል የውሸት ጌጥ አይደለም። በተመሳሳይ ጎማ፣ በተመሳሳይ ጭቃ ላይ የፊት ነጂዋ ከምትወጣው ዳገት እጥፍ ሊቃረብ ጥቂት የቀረውን ታወጣለች። ከዳገቱ ግርጌ ቆመው ያገኘኋቸው ሁለት መኪናዎችና የእኔዋ ልዩነት ይኸው ነበር።

ቁልቁል፦ ፎር ዊል የማይሰጠን

አሁን መኪናዋን አዙረን እናውርዳት። ፍሬን ሲያዝ የሚሠሩት ጎማዎች ስንት ናቸው? በማንኛዋም መኪና አራቱም ናቸው። የፊት ነጂዋም፣ የኋላ ነጂዋም፣ ፎር ዊሏም ፍሬናቸው በአራቱም ጎማዎች ላይ ነው። እንግዲህ በሽቅብ ጊዜ የነበረው ልዩነት እዚህ ላይ የለም። የማቆሚያው ርቀት፦

የማቆሚያ ርቀት = ፍጥነት በራሱ ሲባዛ ÷ [2 × 9.8 × (ሰ × ኮሳይን − ሳይን)]

ኮሳይንና ሳይን የቁልቁለቱ ማዕዘን ናቸው። በቀመሩ ውስጥ የመኪናዋ መጠነ ቁስ የለም፤ የሚነዱት ጎማዎች ቁጥርም የለም። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር (በሴኮንድ 8.33 ሜትር) ለምትጓዝ መኪና፣ ሰ = 0.3 በሆነበት ዋልካ ላይ፣ ውጤቱ እንዲህ ነው፤

በደልዳላ መንገድ፦ 12 ሜትር

17 በመቶ በሆነ ቁልቁለት፦ 28 ሜትር

25 በመቶ በሆነ ቁልቁለት፦ 73 ሜትር

30 በመቶ በሆነ ቁልቁለት፦ አትቆምም

የመጨረሻውን መስመር ደግማችሁ አንብቡት። ፎር ዊል መኪና ልትወጣው የምትችለው የመጨረሻው ዳገት ንጻሬው ሰ የሆነው ነው። የትኛዋም መኪና በፍሬን ልትቆምበት የማትችለው ቁልቁለትም ንጻሬው ያው ሰ የሆነው ነው። ሁለቱ ወሰኖች አንድ ናቸው። ፎር ዊሏ በአቅሟ ጫፍ ላይ ሆና የወጣችውን ዳገት ስትመለስ ፍሬኗ ፍጥነቷን ሊቀንስላት አይችልም፤ ሰበቃው ሁሉ በመሬት ስበት ተበልቶ አልቋልና።

በፊት ጎማ የምትነዳዋን ደግሞ እንመልከት። እርሷ 17 በመቶ ላይ አቅሟ ያልቃል። ነገር ግን ከ17 እስከ 30 ያለው ልዩነት ሳታውቀው የተቀመጠላት መጠባበቂያ ነው፤ ስትወርድ ለፍሬን የሚተርፋት እርሱ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ጎማዋ ባለበት ሲሾር መንገዱ «ከዚህ አትለፊ» ብሎ ያስጠነቅቃታል፤ ማስጠንቀቂያውም የሚመጣው መውረድ አደገኛ ከመሆኑ አስቀድሞ ነው። ፎር ዊል ይህን ማስጠንቀቂያ ያዘገየዋል። እኔም ያን ዕለት የወጣሁት ሌሎቹ መንገዱ የከለከላቸውን ዳገት ነበር፤ ስወርድ ግን የቀረልኝ ሰበቃ ከማንኛቸውም የሚበልጥ አልነበረም።

እዚህ ላይ ሁለት ነጥቦችን ማከል ፍትሐዊ ነው። አንደኛው፣ በዝቅተኛ ማርሽ ሲወረድ ሞተሩ ራሱ መኪናዋን ይይዛታል፤ በፎር ዊል ላይ ይህ መያዝ በአራቱም ጎማዎች ስለሚከፋፈል ሁለት ጎማዎች ብቻ ተጨናንቀው እንዳይንሸራተቱ ይረዳል። ሁለተኛው፣ ኤ.ቢ.ኤስ. የተባለው ፍሬን ጎማዎቹ ጨርሰው እንዳይቆለፉ በማድረግ መሪው እንዲታዘዝ ያግዛል። ሁለቱም ያለውን ሰበቃ በሚገባ ለመጠቀም ያስችላሉ እንጂ የሌለውን አይፈጥሩም።

በኩርባ ላይም ነገሩ ያው ነው። መኪና ሳትንሸራተት ልትታጠፍ የምትችልበት ከፍተኛ ፍጥነት የሰ፣ የ9.8 እና የኩርባው ራዲየስ ብዜት ዳግም ዘር ነው። ራዲየሱ 25 ሜትር ለሆነ ኩርባ ሰ 0.3 ሲሆን ፍጥነቱ በሰዓት 31 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህም ለሁሉም መኪና እኩል ነው።

ለዶክትሬት ትምህርቴ በስዊድን በነበርሁበት ጊዜ ያስተዋልሁት አንድ ነገር ይህን ያጠናክርልኛል። የአገሪቱ ሕግ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 ባለው ጊዜ መንገዱ በበረዶ ወይም በአመዳይ ከተሸፈነ መኪናዎች የክረምት ጎማ እንዲኖራቸው ያስገድዳል። «ፎር ዊል ያለው ከዚህ ነጻ ነው» አይልም። ሕግ አውጪዎቹ የጠየቁት ሰ የሚባለውን ቁጥር ከፍ የሚያደርገውን ነገር፣ ማለትም ጎማውን ነው። እኔ ግን ይህን ትምህርት በበረዶ አገር አይቼ በዋልካ አገር ዘነጋሁት።

ኃይሉ ለአራቱ ጎማዎች እንዴት ይከፋፈላል?

አራቱንም ጎማ የማሽከርከር ሐሳብ አዲስ አይደለም። የሆላንዱ ስፓይከር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1903 አራቱም ጎማዎቿ የሚነዱ መኪና ለሕዝብ አሳይቷል። በተራ የመንገድ መኪናዎች ላይ ግን ነገሩ የተስፋፋው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የእንግሊዙ ጄንሰን ኤፍ.ኤፍ.፣ በ1972 የጃፓኑ ሱባሩ ሊዮኔ፣ በ1980 የጀርመኑ አውዲ ኳትሮ ተከታትለው ወጡ። በ1983 ፊያት ፓንዳ ፎር በፎር ይህንኑ ወደ ትንሽና ርካሽ መኪና አመጣው። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በብዛት የምናያት ቶዮታ ራቭ ፎር ደግሞ ለገበያ የቀረበችው በ1994 ነው።

መዘግየቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። መኪና ስትታጠፍ አራቱ ጎማዎች እኩል መንገድ አይጓዙም። የኋላዎቹ ጎማዎች መካከል 5 ሜትር ራዲየስ ባለው ክብ ላይ ሲዞር፣ በምሳሌያችን መኪና የፊቶቹ መካከል 5.57 ሜትር ራዲየስ ባለው ክብ ላይ ይዞራል። በአንድ ሙሉ ዙር የኋላው 31.4 ሜትር፣ የፊቱ 35 ሜትር ይጓዛል፤ ልዩነቱ 3.6 ሜትር ገደማ ነው። የፊቱና የኋላው በአንድ ካርዳን እንደ ድፍን ብረት ቢያያዙ እኩል ዙር እንዲዞሩ ስለሚገደዱ አንዱ ወገን መንሸራተት አለበት። በጭቃ ላይ ይህ ቀላል ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን ጎማው አልንሸራተትም ስለሚል ጭንቀቱ በማርሾቹ፣ በካርዳኑና በኩሽኔታዎቹ ላይ ያርፋል። መሪው ይከብዳል፤ መኪናዋም እንደ መጎተት ትላለች።

ለዚህ ችግር ሦስት ዋና ዋና መፍትሔዎች አሉ።

የመጀመሪያው ማዕከላዊ ዲፈረንሻል ነው። ከፊትና ከኋላ መካከል ተቀምጦ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ይፈቅዳል። ድክመቱ ግን አለው፤ ተራ ዲፈረንሻል ለሁለቱም ወገን የሚሰጠው የማሽከርከር ኃይል (ቶርክ) የተመጣጠነ ስለሆነ፣ አንዱ ወገን ባለበት ቢሾር ሌላውም አብሮ ይደክማል። ስለዚህ የሚቆልፈው ወይም የሚገድበው ነገር ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ቪስከስ የተባለው ማያያዣ ነው። በታሸገ ከበሮ ውስጥ ብዙ ስስ የብረት ዝርግ ሳሕኖች ተደርድረዋል፤ ግማሾቹ ከፊተኛው፣ ግማሾቹ ከኋለኛው ዘንግ ጋር በየተራ ተያይዘዋል። በመካከላቸው ወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ አለ። ሁለቱ ዘንጎች እኩል ሲዞሩ ፈሳሹ ዝም ይላል። የፊት ጎማዎች ባሉበት መሾር ሲጀምሩ ግን ሳሕኖቹ እርስ በርስ ይቀዳደማሉ፤ ፈሳሹ በመካከላቸው ይላጋል፤ ይሞቃል፤ ይስፋፋል፤ ኃይሉንም ወደ ኋላ ጎማዎች ያሻግራል። ማርን በማንኪያ በዝግታና በፍጥነት አማስላችሁ ከሆነ የአሠራሩን መሠረት ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የፎልክስዋገን ጎልፍ ሲንክሮ በዚህ መንገድ ይሠራ ነበር።

ሦስተኛው በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ማያያዣ ነው። በየጎማው ያሉ የፍጥነት መለኪያዎች ለኮምፒዩተር ይነግሩታል፤ እርሱም በኤሌክትሮ ማግኔት ወይም በዘይት ግፊት ሳሕኖቹን ያጣብቃል። እ.ኤ.አ. ከ2005 መጨረሻ ጀምሮ የተሠራችው ሦስተኛዋ ትውልድ ራቭ ፎር ወደዚህ ዓይነት ተሸጋግራለች። በዚህ ዓይነት መኪና በተለመደው ጉዞ የሚሠሩት በአመዛኙ የፊት ጎማዎች ናቸው፤ የኋላዎቹ የሚጠሩት ሲያስፈልጉ ነው።

ያገለገለች መኪናና የጎማ ነገር

አሁን ወደ ያገለገሉት መኪናዎች እንመለስ። ቪስከሱም ኤሌክትሮኒኩም ማያያዣ በዋናነት የሚከታተሉት አንድ ነገር ነው፤ የፊቱና የኋላው የዙር ልዩነት። ልዩነቱ ከጭቃ የመጣ ይሁን ከሌላ አይለዩም። ችግሩ ደግሞ የዙር ልዩነት የሚፈጥር ሌላ ነገር መኖሩ ነው፤ እርሱም የጎማ አለመመሳሰል ነው።

ገንዘብ ያጠረው ባለመኪና ሁለት አዲስ ጎማ ገዝቶ ከኋላ ያስገባል፤ ያለቁትን ሁለቱን ከፊት ይተዋል። የአዲሱ ጎማ ራዲየስ 30 ሴንቲ ሜትር፣ የጥርሱ ጥልቀት 8 ሚሊ ሜትር፣ ያለቀው ጥርስ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን የራዲየሳቸው ልዩነት 6 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 2 በመቶ ነው። አዲሱ ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር 530 ጊዜ ያህል ሲዞር ያለቀው 541 ጊዜ ያህል ይዞራል። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ ጉዞ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ 3000 ያህል ዙር ይቀድማሉ። መንገዱ ደረቅ አስፋልት ነው፤ የተንሸራተተ ጎማ የለም። ማያያዣው ግን ሳያርፍ ሲፋተግና ሲሞቅ ይውላል። ይህ ለወራት ሲደጋገም ፈሳሹ ጠባዩን ይለውጣል፤ ሳሕኖቹ ያልቃሉ ወይም ይጣበቃሉ። ከተጣበቁ መኪናዋ እንደ ድፍን ብረት የተያያዘች ትሆናለች፤ ካለቁ ደግሞ ስሟ ብቻ ፎር ዊል ሆኖ ይቀራል።

ሱባሩ የተባለው አምራች የአራቱ ጎማዎች ዙሪያ ልዩነት ከሩብ ኢንች፣ ማለትም ከ6 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ያሳስባል። ዙሪያው ራዲየሱን በ6.28 ማባዛት ስለሆነ ይህ የ1 ሚሊ ሜትር የራዲየስ ልዩነት ብቻ ነው። በምሳሌያችን ያየነው የዚህ 6 እጥፍ ነው። ስለዚህ የፎር ዊል ዋጋ በሽያጭ ቀን ብቻ የሚከፈል አይደለም፤ አራት ጎማ አንድ ላይ የመለወጥ ግዴታ፣ ተጨማሪ ዘይት፣ በአሥሮች የሚቆጠር ኪሎ ግራም ተጨማሪ ብረት፣ ከዚያም የሚመጣ ተጨማሪ ነዳጅ አለበት።

ከመግዛት በፊት

አንደኛ፣ መኪናዋ በእርግጥ ፎር ዊል መሆኗን አረጋግጡ። ራቭ ፎርን የመሳሰሉ መኪናዎች በሁለት ጎማ ብቻ የሚነዱም አሏቸው፤ በበሩ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ማስረጃ አይሆንም። ጎንበስ ብላችሁ ከሥር እዩ፤ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ካርዳን፣ ከኋላ ጎማዎች መካከልም ዲፈረንሻል መኖር አለበት። አንዳንድ ጊዜ ማያያዣው ተበላሽቶ ካርዳኑ ተፈትቶ የተሸጠ መኪናም ያጋጥማል።

ሁለተኛ፣ የአራቱንም ጎማዎች ልክ፣ ዓይነትና የጥርስ ጥልቀት አስተያዩ። የማይመሳሰሉ ከሆኑ መኪናዋ ስንት ጊዜ እንዲህ እንደ ተነዳች ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ በደረቅ አስፋልት ሜዳ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ በዝግታ ክብ ሥሩ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ድገሙት። መኪናዋ የምትጎተት፣ የምትንገራገጭ ወይም ፍሬን እንደ ተያዘባት የምትሆን ከሆነ ማያያዣው ሳይጣበቅ አልቀረም።

አራተኛ፣ የኋላውን ዲፈረንሻልና የኃይል ማከፋፈያውን ዘይት መካኒክ ያሳያችሁ። የጠቆረ፣ የተቃጠለ ሽታ ያለው ወይም የብረት ብናኝ የያዘ ዘይት ብዙ ይናገራል።

አምስተኛ፣ መኪናዋ ተበላሽታ ብትጎተት ሁለት ጎማዎቿ ተነሥተው ሁለቱ መሬት ላይ እየዞሩ እንዳትወሰድ፤ ሙሉ በሙሉ ትጫን። ምክንያቱን አሁን ራሳችሁ ልታስረዱ ትችላላችሁ።

ማጠቃለያ

ፎር ዊል ያለውን ሰበቃ በሙሉ ለመሄድ እንድንጠቀምበት ያስችለናል፤ ሰበቃን ግን አይጨምርም። ኑሯችሁ ወይም ሥራችሁ ክረምት ከበጋ የጭቃ ዳገት ላይ ከሆነ ተጨማሪ ዋጋው ተገቢ ነው። ከቤት ወደ ቢሮ በአስፋልት የምትመላለሱ ከሆነ ግን ያን ገንዘብ በአራት ጥሩ ጎማና በፍሬን ላይ ብታውሉት የበለጠ ደኅንነት ትገዙበታላችሁ፤ ጎማው ለመውጣትም ለመውረድም ለመታጠፍም ያገለግላልና።

ፎር ዊል ይዛችሁ ወደ ጭቃ ዳገት ስትደርሱም ከመውጣታችሁ በፊት «በዚህ እመለሳለሁን?» ብላችሁ ጠይቁ። ለመውረድ ስትነሡም ገና ከላይ ደልዳላው ላይ ሳላችሁ በሰው እርምጃ ፍጥነት ፍሬን ይዛችሁ መንገዱን ፈትኑት፤ ዝቅተኛውን ማርሽ አስገቡ፤ ፍጥነታችሁንም ሳትጀምሩ ወስኑ። እኔ አሁን በክረምት እናቴን ስጠይቅ መኪናዬን ከዳገቱ ግርጌ አቁሜ በእግሬ እወጣለሁ።

ለአንባብያን የቀረቡ ጥያቄዎች

1. ሰ 0.2 ብቻ በሆነበት ጭቃ ላይ በፊት ጎማ የምትነዳዋና ፎር ዊሏ የሚወጡትን ከፍተኛ ዳገት አስሉ። ለፍሬን የሚተርፈው መጠባበቂያ በሁለቱ ዘንድ ምን ያህል ነው?

2. አንዳንድ ሾፌሮች በፊት ጎማ የምትነዳ መኪና ዳገት ሲያቅታት አዙረው ወደ ኋላ ማርሽ ያወጧታል። ጫናው ወዴት እንደሚዛወር በማሰብ ምክንያቱን አስረዱ፤ አዲሱንም ወሰን ሰ = 0.3 በማድረግ አግኙ።

3. በአካባቢያችሁ ካለች መኪና የፊትና የኋላ ጎማ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። መኪናዋን በቀጥታ መስመር እየገፋችሁ እያንዳንዱ ጎማ 10 ጊዜ ሲዞር የተጓዘውን ርቀት በሜትር ለኩ። ልዩነቱ ስንት በመቶ ነው? መኪናዋ ፎር ዊል ብትሆን ይህ ልዩነት ያሳስባችሁ ነበርን?